1/3 የተጻፈበት ፖስታ

ባለፈው ሳምንት የሱፍ አበባ ዘር በትናንሽ ቡናማ ፖስታዎች እየከፈልኩ ቀን ስጽፍባቸው፣ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ አንዱን አነሳና «1/3? ኅዳር ነው ማርች?» አለኝ። እያሾፈብኝ ነው። ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት ያውቃል። እኔ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጬ በሐሳብ ትሮይቪል ገባሁ፣ ወደ ድሮው ቤታችን።

የዓለም ዋንጫው በምንኖርበት አገር ተካሂዶ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት የማትሪክ ተፈታኝ፣ እማዬ የሆስፒታል ነርስ፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከአገር ስትወጣ አዝላኝ ነው የወጣችው። እዚያ የቀረችው ታላቅ እህቷ ናት፤ «እታለም» ነበር የምትላት፣ እኔም እንደዚያው። እናታቸው ሲሞቱ እማዬን ያሳደገቻት እታለም ናት። አሥራ ስድስት ዓመት አልተያዩም፤ እማዬ ይዛው የኖረችው የስደተኛ ወረቀት አንዴ ከወጣች መመለሻ የሚያሳጣት ዓይነት ነበር። ያን ዓመት ግን እታለም ራሷ ለመምጣት ቪዛ ጠየቀች። መልሱ በወር ይምጣ በስድስት ወር የሚያውቅ አልነበረም።

«መቼም ትምጣ፣ ባዶ እጄን አልቀበላትም» አለች እማዬ።

የሱፍ አበባ የመረጠችው ልጅ ሆነው አጥራቸው ሥር ይበቅል ስለነበረ ነው። ለአበባ ተብሎ የሚሸጠው ሱፍ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ አንዱ ግንድ አንድ አበባ ይሰጥና አለቀ። ሁሉንም ባንድ ቀን ከዘራችሁት ባንድ ሳምንት ግቢውን ቢጫ አድርጎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም የላችሁም። ስለዚህ እማዬ ጓሮውን በመደብ በመደብ ከፈለችው። አንዱ መደብ ዛሬ ከተዘራ ቀጣዩ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ አሥራ አምስት ቀን ቆይቶ። ከዘር እስከ አበባ ሁለት ወር ግድም ነው። እንዲህ ከሆነ ቪዛው በፈለገው ሳምንት ይምጣ፣ የሚቆረጥ አበባ አይጠፋም። የየመደቡን ዘር በፖስታ አድርጋ፣ የሚዘራበትን ቀን ጽፋ፣ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር በተርታ ሰቀለችው። የመጀመሪያዎቹን አራት መደቦች በጇ ዘራች። እኔ ፈተና እያጠናሁ ስለነበር ፖስታዎቹን ዞር ብዬም አላየኋቸው።

የጃካራንዳው ወይን ጠጅ አበባ መንገዱ ላይ መርገፍ ሲጀምር እማዬን ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ደርባን ላኳት። ሻንጣዋን እየቆለፈች፣ «ሚሚ፣ ውሃ ማጠጣት እንዳትረሺ። ቀሪዎቹን በየፖስታው ላይ በተጻፈው ቀን ትዘሪያቸዋለሽ» አለችኝ።

ማታ ግድግዳውን አየሁት። ሦስት ፖስታ ቀርቷል፦ 1/3፣ 15/3፣ 1/4። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማርችና ኤፕሪል! እንግዲህ እስከ ፈተናዬ መጨረሻ አፈር መንካት የለብኝም። የእማዬ ጥንቃቄ ከመቼውም በላይ ገረመኝ፤ የበልጉን ዘር ከአሁኑ! በስልክ «እንደተጻፈው እያደረግሽ ነው?» ስትለኝ «እንደተጻፈው ነው፣ ማም» እላታለሁ። አልዋሸሁም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አጉረምርሞ ዝናቡ ሲወርድ፣ ውሃ ከማጠጣትም ነፃ ስለሚያወጣኝ በመስኮት እያየሁ ማንጎዬን እበላ ነበር።

እማዬ በታኅሣሥ ተመለሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነው ጓሮ የገባችው። ወደ ማበብ የተጠጋ አንድ መደብ ብቻ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ መሬት።

«ሚሚ፣ ዘሩ የታለ?»

«ገና ነው እኮ። ማርች ላይ አይደል?»

ወጥ ቤት ገብታ ፖስታዎቹን አየች፤ እኔን አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው፣ ልጄ። ሥራ ቦታ በእነሱ እጽፋለሁ። የእታለምን ነገር ግን በእኛ ነው የምቆጥረው።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና «ቋንቋውን አስተምሬሽ ወሩን ሳላስተምርሽ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዕለቱኑ ዱቄት እስኪመስል አፈሩን ቆፈርኩና የሁለቱን ፖስታ ዘር አብረን ዘራን። 1/3 የሚለውን ግን አፍሬበት መጽሐፌ ውስጥ ደብቄው ነበር። እማዬም አልጠየቀችኝም።

ቪዛው ለገና ሰሞን ወጣ። የመጨረሻው አበባ አንገቱን የደፋው በዚያው ሳምንት ነው፤ በታኅሣሥ የዘራነው ደግሞ ገና ከጉልበቴ በታች ነበር። «ልግዛልሽ» ብላት፣ «የተገዛውንማ ማንም ይሰጣታል» አለችኝ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ባዶ እጃችንን ወደ አየር ማረፊያ ነዳን። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ቀን አበላሽቼባታለሁ።

እታለም በሩን አልፋ ስትወጣ ከምጠብቃት አጭር ነበረች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጋሪዋን እንደ በሬ እየገፋች። እማዬ ሮጠች። ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈቻትና ተያይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። አበባ ይዛ ቢሆን ኖሮ ባንድ እጇ ነበር የምታቅፋት። ይህን ያሰብኩት ያኔ ነው፣ ራሴን ለማጽናናትም ሊሆን ይችላል።

ቤት ደርሰን ሻንጣዋን ስትከፍት ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ለዐቢይ ጾም ይሆናችኋል ብላ ያመጣችውን የተፈጨ ሱፍ! እማዬ ሳቋ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶዋ ወደ ሳቅ ተቀየረ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረቻትም። ለእኔ ብላ ነው።

እታለም ስድስት ሳምንት ቆየች። አንቱ ስላት «አታስረጂኝ» ብላ ከለከለችኝ። በሳምንቷ ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፈውን ሁሉ በአገሬው ቋንቋ «ሳዉቦና» እያለች ሰላም ማለት ጀመረች። በየካቲት መጀመሪያ የታኅሣሡ ሱፍ አብቦ እማዬ ባንድ እቅፍ ቆርጣ ስትሰጣት፣ «ፍሬ ሳይዝ? ኧረ ግፍ ነው!» ብላ ተቆጣች። ማታ ግን አበባውን በማሰሮ ውሃ አድርጋ ራስጌዋ አስቀመጠችው።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት እማዬ ሥራ ሄዳ፣ ፖስታውን ከመጽሐፌ አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። አየር ማረፊያ ባዶ እጃችንን የመጣነው በእኔ ምክንያት መሆኑን ጭምር። ፖስታውን አገላብጣ አየችው።

«ዛሬ በእናንተ ስንት ነው?»

ስልኬን አየሁ። «ማርች አንድ።»

«አንድ፣ ሦስት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ? ቀኑ ዛሬ አይደል እንዴ! ተነሺ፣ መቆፈሪያውን አምጪ።»

ሁለታችን ዘራነው። እሷ በጣቷ ጉድጓዱን ታበጃለች፣ እኔ ዘሩን እጥላለሁ፤ እግረ መንገዷን ከመስከረም ጀምራ ወሮቹን አስቆጠረችኝ፣ ጳጉሜ ላይ ስደርስ ለአምስት ቀን የተለየ ጉድጓድ ማሰች። በማግስቱ ሄደች።

መደቡ በሜይ አበበ፣ ብርዱ ሲጀምር። ማታ ማታ አንሶላ እያለበስኩ ነው ከውርጭ ያቆየሁት። እማዬ የመጀመሪያውን አበባ ስትቆርጥ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ነበር፤ «እታለም፣ ዘርሽ ደረሰ። ሚሚ ናት በቀኑ የዘራችው» ስትል ሰማኋት። «በቀኑ» ያለችው ለእህቷ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዳግም አልተያዩም። እታለም ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። እማዬ ጡረታ ወጥታ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ወገቧ ስለማይታጠፍ መደቡን ለእኔ ለቅቃልኛለች፣ ቁጥጥሩን ግን አልተወችም።

ባለቤቴ ፖስታውን እንደያዘ መልስ ይጠብቃል። እማዬ ከሶፋዋ ላይ ሆና ቀደመችኝ።

«ባለ 1/3ቱ ሁለት ናቸው። ያኛውን በኅዳር ነው የምንዘራው፤ ይኼኛው የእታለም ነው።»