ከተቆለፈው ክፍል የሚመልሰው ድምፅ

ሜልቪና በበረሃ ባለችው መንደራችን ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስምንት ዓመት ሠርታለች። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ለመሆን ስትነሣ ሦስት መንገድ ነበራት። አንዱ ዳርዊን ከተማ ሄዶ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት መማር ነው። ሌላው እዚሁ ሆኖ በኢንተርኔት አጥንቶ የምስክር ወረቀት ፈተና መውሰድ፤ ሦስተኛው ክሊኒካችን ውስጥ ባለው የኮምፒውተር ክፍል ተቀጥሮ እየሠሩ መልመድ።

ኢንተርኔቱን ሞክራዋለች። አቧራ በተነሣ ቁጥር መስመሩ እየተቋረጠ ሁለት ጊዜ ከፈተና መሀል ወጥታለች። ዳርዊን ደግሞ ሩቅ ነው። እናቷ ናንጋላ ኩላሊቷ ሥራ ስላቆመ በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ደሟ በማሽን ይታጠባል። የክሊኒኩ ሹፌር ስለሆንኩ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፤ ልጇ አጠገቧ ካልተቀመጠች ናንጋላ መኪና ውስጥ አትገባም። ሜልቪና ዳርዊን ሄደች ማለት ናንጋላ ማሽኑን ተወች ማለት ነው። ማሽኑን የተወ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ክሊኒኩን መረጠች። የሚያሠለጥናት በዚያ ክፍል ብቻውን የሚሠራው አጎቷ፣ የናንጋላ ወንድም ነበር። ሥራ ልትጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀራት ሞተ፤ ቦታው ተይዞላት ሥራው ግን ሳይጀመር ቆየ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ድረስ ስሙ አይጠራም፤ ፎቶው አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ሟቹን ሁላችንም ኩማንጃይ እያልን እንጠራዋለን፤ ስሙ የተከለከለ ሰው ሁሉ የሚጠራው እንዲያ ነው። ሸሚዞቹ ተቃጠሉ፤ ፎቶዎቹ ተሸፈኑ፤ የሥራ ክፍሉ ተቆለፈ።

ድምፁ ግን ውስጥ ቀረ። ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ የሚደውልበት ስልክ ያለው እዚያ ክፍል ነው። የሚያነሳው ሲጠፋ ስልኩ ራሱ ሟቹ በቀዳው ድምፅ ይመልሳል፤ ቀጥሎም የደዋዩን መልእክት ቀድቶ ዳርዊን ላለው መዝገብ ይልካል፦ «የኮምፒውተር ክፍል ነው። ትንሽ ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

መጀመሪያ የሰማው ጤና ረዳቱ ኤልሮይ ነው። መነጋገሪያውን ጥሎ እስከ ግቢው በር ድረስ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ የደወለ የለም። አታሚው ሲበላሽ ነርሶቹ በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። ሁለት ኮምፒውተሮች ድርግም ብለው ቀሩ።

«ይሙት እንጂ ኮምፒውተሩ!» ይላል ኤልሮይ። «እየመጣሁ ነው ለሚለኝ ሙት እኔ ደውዬ አድራሻ ልስጠው?»

ይባስ ብሎ በየቀኑ፣ ከቀኑ ልክ በአሥር ሰዓት፣ ማንም ሳይደውል ያ ስልክ ይጠራል። አራት ጊዜ ይጮኽና ድምፁ በተቆለፈው በር ይወጣል። ፀሐይ አናት እያቃጠለች፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ግቢውን ለቆ ይወጣል። እኔም ሞተር አስነሥቼ እወጣ ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የኮምፒውተር ሥራው ኃላፊ ግዌን ከዳርዊን ሜልቪና ስልክ ላይ ደወለች። መኪና ውስጥ ነበርንና ሁላችንም ሰማናት።

«ከእናንተ ክሊኒክ በሦስት ወር አንድም የብልሽት ጥሪ አልተመዘገበም» አለች። «ኮምፒውተሮቻችሁ ደህና ከሆኑ ሠልጣኝ ምን ያደርጋል? ዓርብ ቦታውን እዘጋዋለሁ።»

«ደህና ሆነው አይደለም። ሰው ድምፁን ፈርቶ ነው።»

«እንግዲያው ድምፁን ቀይሪዋ። ከክፍሉ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚቀየረው፤ መጀመሪያ አሮጌውን እስከ መጨረሻው ያሰማሽና የአንቺን ይቀዳል።»

በዚህ መሀል ያመለከተችበት የዳርዊኑ ኮሌጅም መልስ የሚፈልገው ዓርብ ነው። ናንጋላ ከኋላ ወንበር ሆና «ሂጂ ዳርዊን። እኔ እንደሆን ማሽን ሰልችቶኛል» አለች።

«ዝም በይ እማ!» አለች ሜልቪና። «ሹፌር፣ ወደ አክስቴ ንዳ።»

አክስቷ ኑንጋራዪ የሟቹ ሚስት ናት። ባል ከሞተባቸው ሴቶች ሰፈር ተቀምጣለች፤ ሐዘኗን እስክትጨርስ አትናገርም፣ በእጇ ነው የምታወራው። ሜልቪና አጠገቧ አሸዋ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ በሩን አልነካም። ካልከፈትኩት ግን እማን ትቼ እሄዳለሁ።»

አሮጊቷ እንደሌላው ሰው ሸሽታ ከዚያ ድምፅ ርቃ የከረመች ናት። መዳፏን አነሣችና ደረቷን ነካች፤ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ጠቆመች። እመጣለሁ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን እኔ ከፈትኩ። ኑንጋራዪ የሙቱ መንፈስ እንዲለቅ እርጥብ ቅጠል አጭሳ ክፍሉን ዞረችው። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ኤልሮይ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ነቀለ።

«ይሄንንስ ቢኖር እሱ ነበር...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ።

ጠረጴዛው አመድ የመሰለ አቧራ ለብሷል። ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ወር ሙሉ አልጠፋም፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ይላል። ሜልቪና እጇን ወደ ስልኩ ስትዘረጋ ስልኩ ራሱ ጠራ። አሥር ሰዓት ነው። ኤልሮይ ከወንበሩ ዘሎ ወጣ። እኔ በሩ አጠገብ ቀረሁ።

«የኮምፒውተር ክፍል ነው። ትንሽ ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

ኑንጋራዪ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ሁለት እጆቿን አንሥታ በባዶው ወንበር ፊት ማውራት ጀመረች፤ መዳፏ መዳፏን እየመታ፣ ጣቶቿ እየተፋተጉ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። ሁሉንም አልተከተልኩም። «አትምጣ» ያለችውን ግን አየሁ። «እዚያው ሁን» ያለችውንም። ስልኩ ቂው ብሎ እስኪዘጋ ድረስ አላቆመችም።

ሜልቪና ላብ በላብ ሆና ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ጥቂት ቆይታ «ሹፌር፣ ና እይ» አለችኝ። መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደዚያው ስልክ እንዲደውል አጎቷ አዝዞት ኖሯል። ትእዛዙን ሰረዘችው። ቀጥላ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ደቅና፣ ያንን ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ በላዩ የራሷን ቀዳች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደገመችውም።

ኑንጋራዪ በየቤቱ ዞራ በእጇ አስታወቀች። ሐሙስ ዕለት አሥራ ሰባት ጥሪ ገባ። የመጀመሪያው የኤልሮይ ነው፤ «ሙት ካነሣው እዘጋለሁ!» ብሎ ነው የጀመረው።

ዓርብ ጠዋት ናንጋላን ከማሽኑ ጋር አያይዘናት ተቀምጠን ሳለ ግዌን ደወለች፤ ሜልቪና ሁላችንም እንድንሰማ ከፈተችው።

«ቦታው ያንቺ ነው፤ ውሉን ልኬልሻለሁ። ኮሌጁን ተይው። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ድምፅ የሌለበትን መልእክት መዝገቡ ራሱ ይጥለዋል፤ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ የገባውን ግን አልጣለውም። ከኮምፒውተሩ ማይክሮፎን የመጣ ነው። አርባ ሰከንድ ሙሉ እጅ እጅን እንደሚነካ ያለ ኮሽታ ነው። እንደ ሰው ንግግር ይፈጥናል፣ ያቆማል፣ ይቀጥላል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ምን ዓይነት ብልሽት ብዬ ልመዝግበው?»

ሜልቪና እናቷን አየቻት። ናንጋላ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ነፃው እጇ ግን ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ኑንጋራዪ እጅ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ተፈትቷል በይና ዝጊው» አለች ሜልቪና።