ሳባ ያልተጠየቀችበት መግለጫ

ከቄራ ካዛንቺስ ዓይን ላለው ሰው ሩቅ አይደለም። ለእኔ ግን ለባቡሩ ሐዲድ ከተማው መቆፈር ከጀመረ ወዲህ ቀኔን ይበላል። የዚያን ዕለት የወጣሁት ማኅበራችን ስለ አንዲት ተማሪ ያዘጋጀውን የሬዲዮ መግለጫ ለማጽደቅ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የምናስተምር አካል ጉዳተኞች ያቋቋምነው ትንሽ ማኅበር ነው፤ ሊቀመንበሩ ዶክተር ሐጎስና ጸሐፊው እኔ ካልተስማማን በስሙ አንድም ቃል አይወጣም።

ተማሪዋ ሳባ ትባላለች፤ እንደ እኔ ማየት የተሳናት ናት። ኢኮኖሚክስ ልማር ስትል የትምህርት ክፍሉ “ግራፉን በምን ልታዪው ነው?” ብሎ መለሳት። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ያበቃል። ዶክተር ሐጎስ መግለጫውን በስልክ ሲያነቡልኝ ስሟም የትምህርት ክፍሉም በግልጽ ተጠርቷል።

“እሷስ ሰምታዋለች?” አልኳቸው።

“ለእሷው ብለን አይደል እንዴ?” አሉኝ።

መልሱ አልዋጥልኝ ስላለ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ለማለፍ ወሰንኩ።

ቄራ፣ ጠዋት

ሥጋ ቤቶቹ ቢላ እየሳሉ ነበር። ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ጨቅይቷል። የለመድኩት መሻገሪያ ጋ ስደርስ በትሬ ባዶ ውስጥ ገባ፤ ጉድጓድ ሆኗል። አንዲት ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ “በዚህ አያሳልፍም ወንድሜ፣ ዘግተውታል” አለችኝና ዙሪያውን አዙራ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ።

ቡልጋሪያ

ቡልጋሪያ የሚባለውን ሰፈር የማውቀው ጋራዦቹ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ በሚሰማው ድምፅ ነው። ሳባ ከአክስቷ ጋር የምትኖርበት ግቢ ከእነሱ ጀርባ ነው። ሳባ ሻይና ቦምቦሊኖ አቀረበችልኝ። መግለጫውን በቃሌ አልኩላት።

“ስሜ በሬዲዮ ሊወጣ ነው ማለት ነው?”

“አዎ።”

“በቃ፣ ክፍል ስገባ ‘ያቺ ያዋረደችን’ ሊሉኝ ነው። ማለቴ… መምህር፣ እኔ መማር ነው የምፈልገው።”

“ዝም ብንልስ? ነገ ሌላዋን ይመልሷታል።”

“ዝም በሉ አላልኩም። ስሜን ተዉት ነው ያልኩት። ደግሞ ግራፍ እንዴት እንደምማር እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ እናንተም ጭምር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማሪዬ ካርቶን ላይ ክር እየለጠፈ ነው በጣቴ ያስነበበኝ።”

የካርቶኑን አሠራር በደንብ አስረድታኝ ወጣሁ።

ካዛንቺስ

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የታክሲው መቆሚያ ተዛውሮ በፀሐይ ስጠይቅ ቆየሁ። ካዛንቺስ ስወርድ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር እንዲህ ያለ ቤት የተከራየው ሌላው ስለሚወደድብን ነው። ዶክተር ሐጎስ ደረጃውን በክራንች ወጥተው ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

“ጋዜጠኛዋ ከምሳ በኋላ ትመጣለች” አሉ።

“ስሟን አንጠራም ዶክተር። አልፈቀደችም።”

“ስም የሌለው መግለጫ ማን ይሰማዋል? እኔን ከኢንጂነሪንግ ሲመልሱኝ አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ ቢጮህልኝ ኖሮ…” አልጨረሱትም።

“እርስዎ ይፈልጉ ነበር። እሷ አትፈልግም።”

ሳባ የነገረችኝን ሁሉ እየጠቀስኩ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። “እሺ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ክር እንዴት ነበር ያልከኝ?” አሉ። ለትምህርት ክፍሎች የሚሆን መመሪያ መጻፍ ጀመርን፦ ግራፍ በጣት እንዴት እንደሚነበብ፣ ፈተናውን ማን እንደሚያነብ። ለሬዲዮ የተውነው ስም የሌለው አጭር ቃል ነበር።

ጋዜጠኛዋ መጥታ ሰማችን። “ተማሪዋን ላግኛት?” አለች።

“አይቻልም” አሉ ዶክተር ሐጎስ።

ቴፗን ዘግታ ሄደች።

መልስ

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ጭቃ የያዘውን ጫማዬን እያወለቀችልኝ “ወጣ መግለጫው?” አለችኝ። ሬዲዮ ከፍተን ጠበቅን፤ ስለ እኛ ምንም አልተባለም። ያን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የደከምኩት ብዬ ሳልበላ ተኛሁ።

በምዝገባው ማብቂያ ዶክተር ሐጎስ መመሪያውን ይዘው የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ራሳቸው አነጋገሩ። ሳባ ለአንድ ሴሚስተር በሙከራ ገባች። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳዩ ያልሰማው መግለጫ ከማኅበራችን አይወጣም። ሥራችንን አዘግይቶታል፤ እኔንም በየሰፈሩ ያዞረኛል። ግን ስለ ሰው ከመናገር በፊት የዚያን ሰው በር ማንኳኳት እንደሚቀድም ያወቅሁት በዚያ ጉዞ ነው።

ሳባ ትምህርት ጀምራ ስትደውልልኝ ድምጿ የደከመ ነበር። “የመጀመሪያውን ፈተና ልለፍና” አለችኝ፣ “ሬዲዮው ላይ እኔው ራሴ እናገራለሁ።”