ጫማዋን በእጇ የያዘችበት እትም

የመጽሐፉን ስም አልነግራችሁም። ንፉግ ሆኜ አይደለም፤ ስሙ ከወጣ አዟሪዎቹ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉብኛል፣ እኔ ደግሞ ገና አልጠገብኩም። የወጣቶች ልብ ወለድ ነው፣ በቃ። እናቷ ሥራ ፍለጋ የሄደችባት አንዲት ልጅ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደች አውቶቡስ የምትጠብቅበት ታሪክ ነው። ቡራዩ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋዬ በላይ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ያለው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው፤ መደርደሪያው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል።

አከራዬ መጀመሪያ ያዩት ቀን፣ ትነግጂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለራሴ ነው አልኳቸው። አንዱን አንስተው ገለጡ፣ ሌላውንም አንስተው ገለጡ፣ ከዚያ በሐዘኔታ አይተውኝ፣ ያው እኮ ነው ልጄ አሉኝ። ኧረ ያው አይደለም። ሰማያዊው ላይ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ቢጫው ላይ ፊቷ ይታያል፤ ሠዓሊው ግን ታሪኩን አንብቦት አያውቅም ብዬ እምላለሁ፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ውስጥ ፀጉሯ አጭር ሆኖ ሳለ እሱ ሹሩባ ሠርቶላታል። አዲሱ እትም ላይ ጭራሽ ጂንስ አልብሰዋታል። እሱን ያየሁ ቀን ሻጩ ላይ ጮህኩበት፤ ከጮህኩ በኋላ ገዛሁት። አንደኛው ላይ ደግሞ የማላውቀው አንባቢ በየገጹ ጠርዝ ከደራሲው ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሟል፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ተፍኪ ገበያ ያገኘሁትን ከቆሎ ሻጭ እጅ ነው የነጠቅኩት። ሴትዮዋ ገጹን እየገነጠለች ቆሎ ትጠቀልልበት ነበር። ከሩቅ ፊደሉን ሳውቀው ሮጥኩ። የተረፈውን መጽሐፍ ከነቆሎው ገዛሁ። ቆሎውን በመንገድ ላይ ጨረስኩት፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ገብስ ገብስ ይሸታል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብኝ እህቴ ናት። ያደግነው ሰበታ ነው። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ እናታችን ዓረብ አገር ሄደች። የሄደች ጠዋት ተኝቼ ነበር፤ ስነሣ የለችም። አባታችን ፋብሪካ ስለሚውል እኔን ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ መቆጣቱም የእህቴ ሥራ ሆነ። በስድስት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። ያኔ መጽሐፍ የምናነበው በኪራይ ነበር፤ አንዱ ቅጂ በሰፈሩ ሁሉ እየዞረ አልቆ ጨርቅ እስኪመስል ድረስ። ያን መጽሐፍ ተከራይታ ከትምህርት ቤት መልስ ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ ክንዷ ሥር ገብቼ እሰማለሁ።

እየሄድን እየሄድን መጨረሻው ላይ ስንደርስ ገጾቹ የሉም። ማን እንደገነጠላቸው እግዜር ይወቀው። ልጅቷ መናኸሪያ እንደቆመች ቀረች። እኔም አለቀስኩ፣ ያውም ጎረቤት እስኪሰማ። እህቴ ዝም በይ አለችኝ፣ ገጾቹ ሳይወድቁ በፊት አንብቤዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። ከዚያ ነገረችኝ፤ ዝናብ ነው፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ያልቃል፣ አለቀ ሲባል እናትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከአውቶቡሱ ወረደች። ለምን በእጇ ያዘችው ብዬ አልጠየቅኩም። ድገሚልኝ ብቻ ነው ያልኩት። በየቀኑ አስደገምኳት። እኔ እናቴን የጠበቅኩት ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው።

እናታችን ከዓመታት በኋላ ተመለሰች፣ ተመስገን። እንደ መጽሐፉ ግን አልነበረም። ድንገት በሥራ ቀን መጥታ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንገባ ከነልብሷ አልጋው ላይ ተኝታ አገኘናት።

የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልኩ ጊዜ ያን መጽሐፍ ሙሉውን ገዛሁ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ መጨረሻውን ገልጬ አነበብኩ። እናትየዋ አትመጣም። አውቶቡሱ የለም፣ ጫማው የለም፣ ምንም የለም። እዚያው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩና ውሸታም አልኳት። እህቴ ደግሞ በዚህ አትታማም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኛዋን ይህ ቀሚስ አያምርብሽም ብላ ገንዘቧን ይዛ እንድትሄድ የምታደርግ ሰው ናት። እኔ ያነበብኩት ላይ አለ፣ ኋላ ቀይረውት ነው ብላ በእናታችን ስም ማለች። ቤተሰቡ መጨረሻ ፈጠረች መባሏን ብቻ ሰማ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። ስሟ ደራሲዋ ሆነ። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ደራሲዋ እስቲ ወጥ አቀብዪን። እሷ ከልቧ ትናደዳለች፣ እኛ እንስቃለን።

እንግዲህ በየቅዳሜው መጽሐፍ ፍለጋ የምዞረው ለዚህ ነው። አዲስ እትም ባገኘሁ ቁጥር መጨረሻውን እገልጣለሁ፤ ጫማ የለም። ለእህቴ እደውላለሁ። መልሷ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን እትም አምጪ፣ እዚያ ላይ ከሌለ አፌን እዘጋለሁ። ልርታት ፈልጌ የምለፋ ይመስላታል። እውነቱን ለመናገር እንድትረታኝ ነበር የምፈልገው። ያ ዓረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ታትሞ እንዲገኝልኝ።

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ቡድኖች በአንዱ የለጠፍኩትን አይተው፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከሱሉልታ ደወሉልኝ። በወጣበት ዓመት ነው የገዛሁት፣ የመጀመሪያው እትም ነው፣ ለተማሪዎቼ ሁሉ ሳውሰው ኖሬያለሁ አሉኝ። ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ሽፋኑ አለ ወይ አልኩ። ትንሽ ተቦጫጭቋል እንጂ አለ አሉ። ይህ መጽሐፍ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው፣ እሑድ እመጣለሁ አልኳቸው። ምናለ ክብር የሚለውን ብተወው።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ቃል አስገባችኝ፤ መጨረሻውን ያለ እሷ እንዳልገልጥ። አንቺ አትታመኚም፣ ገጽ ገንጥለሽ ታመጪልኛለሽ አለች። ስትቀልድ ድምጿ ግን ቀጠን ብሎ ነበር።

እሑድ ጠዋት ከቡራዩ ወጥቼ፣ አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀይሬ፣ ሱሉልታ ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። እኔ ብርዱ ምኔ ነው። የሚያዩኝ ሰዎች ሙሽራ ልትቀበል የመጣች ናት ሳይሉኝ አልቀሩም። መምህሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በኦሮምኛ አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ደስ አላቸው፣ ኮቱ ሴኒ ብለው አስገቡኝ። እርጎ ቀረበ። ጠጣሁ። ስለ መንገዱ ተጠየቅኩ፣ መለስኩ። ሁለተኛ እርጎ ቀረበ። በልቤ መጽሐፉን አምጡት እላለሁ፣ በአፌ እርጎውን አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ተነሥተው፣ በአዲስ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ጋዜጣውን ገለጥኩ። አረንጓዴ። ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን፣ በወርቅ ቀለም ርዕሱ የተጻፈበት፣ ጠርዙ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ የተከረከመ።

ክው አልኩ። መምህሩ ፊታቸው በርቷል። «ለእንግዳ ቡትቶ አይሰጥም፤ አስጠረዝኩልሽ» አሉኝ። የድሮው ሽፋንስ አልኩ። እሱማ ተቦጫጭቆ ነበር፣ ጠራዡ ጣለው አሉ። ከፊትም ከኋላም ንጹሕ ወረቀት እንደጨመረበት፣ ሙሽራ እንዳስመሰለው ደስ እያላቸው አሳዩኝ። አገር ያዳረስኩለት ሽፋን፣ አንዴ እንኳ ሳላየው፣ በእኔው ክብር ምክንያት ተጣለ። እርር ድብን አልኩ። ግን እኚህ ሰው በእርጅና ጉልበታቸው አዲሱ ገበያ ድረስ ወርደው፣ ጠራዥ ፈልገው ያሠሩት ለማያውቋት ሴት ነው። ዋጋውን ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩና ገለቶማ ብዬ አመሰገንኳቸው፤ ከልቤ ነበር፣ ከልቤም ተናድጄ ነበር።

የመጀመሪያ እትም የሚለው ገጽ ደህና ነበር። መጨረሻውን አልገለጥኩም። ከሱሉልታ እስከ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና እህቴ እስካለችበት ሰበታ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አውራ ጣቴ የኋላውን ሽፋን እየነካካ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ፈተና ለጠላቴም አልመኝ። አለም ገና ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወርቁን አይተው ዳዊት መሰላቸው፤ ልሳለመው አሉኝ። ይህ እንኳ ልብ ወለድ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ግንባራቸውን አስነክተው ስመው መልሰውልኝ ነበር። ደግ ምልክት ነው አልኩ በልቤ፤ ጫማው አለ።

እህቴ የሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩን ከፈተችልኝ። እናታችን ከወዲያ ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እህቴ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ መጽሐፉን ተቀበለች። ከኋላ ገለጠችው። መጀመሪያ የጠራዡ ባዶ ወረቀቶች መጡ፣ ከዚያ የመጨረሻው ገጽ። እንደ ድሮው ጮክ ብላ አነበበች። የመጨረሻው አውቶቡስ ባዶውን ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን አጥብቃ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። አለቀ።

ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። አየሽ ልላት፣ ቤተሰቡን ጠርቼ ላስጨፍርባት። ፊቷን ሳየው ተውኩት። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች፣ አንድ የተዘለለ ነገር እንዳለ ሁሉ በጣቷ ፈለገች።

«ጫማው ይታየኛል እኮ» አለች። «ጥቁር ነው። ዘለበት አለው። አንብቤዋለሁ።»

እናታችን ከምስሩ ቀና ሳትል የምን ጫማ ነው አለች። ነገርኳት፤ ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከአውቶቡስ ትወርዳለች ብላ ነግራኝ ነበር አልኳት።

«እሱማ የእኔ ነው» አለች እናታችን ወደ እህቴ ቀና ብላ። «ስሄድ ነው እንጂ ስመለስ አይደለም። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ አዲስ ጫማ በጭቃ ይረገጣል? እስከ አስፋልቱ በእጄ ይዤው ሄድኩ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታዪኝ አልነበረም?»

እህቴ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያን ጠዋት እኔ ተኝቼ እሷ ነቅታ፣ እናታችን በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች ስትርቅ አይታለች። እኔ ስጮህባት ሌላ የምትሰጠኝ ነገር ስላልነበራት፣ እናታችንን እንደሄደችው አድርጋ መለሰችልኝ። ስትመልስልኝ ደግሞ ራሷም አመነችው። በስንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይህ አልታየኝም ነበር።

«ውሸታም ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርድ ነበር።

አይደለሽም አልኳት፣ ደራሲዋ ነሽ። ያን ስም ያለ ሹፈት ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዓይኔ የጠራዡ ባዶ ወረቀቶች ላይ ዐረፈ። አቤት ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ። ዘልዬ ተነሥቼ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ፣ እስክሪብቶ አወጣሁ፣ ጻፊው አልኳት። ወይ ፍንክች። መጽሐፍ ላይ አይጻፍም አለች፣ ልጅ ሳለሁ እጄን እየመታች እንዳስተማረችኝ። ለመንኳት። ይህ መጽሐፍ ሽፋኑን ያጣው ለምን ይመስልሻል አልኳት፤ ጠራዡ እኮ ቦታ ያዘጋጀው ለአንቺ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ዝናቡን ጻፈች፣ አውቶቡሱን ጻፈች፣ የሚወርዱትን ሰዎች ጻፈች። እኔ ትከሻዋ ላይ ተደግፌ አነባለሁ።

እናታችን የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

«ስትወርድ የሚቀበላት ሰው አድርጊላት» አለች። «እኔ ስመጣ ቤቱ ባዶ ነበር።»

ትምህርት ቤት ነበርን አልኳት። አውቃለሁ አለች፣ ብቻ አድርጊላት።

እህቴ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ እናትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከአውቶቡሱ ወረደች፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ ነበር፣ ጫማውን ተቀበለቻት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። ከዚያ ለእናታችን ጮክ ብላ አነበበችላት። እናታችን አዳምጣ ስትጨርስ፣ ድገሚልኝ አለቻት።