በጎተራ የደበቅሁት ክሪክ

ልጄ የመጀመሪያዎቹን መፍቻዎች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ነው ይዞ የገባው። ስኳር መስሎኝ ፈጠን ብዬ ተቀበልኩት፤ ክብደቱ እጄን ይዞት ወረደ። መደቡ ላይ አስቀምጬ ስፈታው ብረት ነው፤ ሌላ የለውም። ሁለት ጫፍ ያላቸው ቁልፎች ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ እጀታው በላስቲክ የተጠቀለለ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ መዶሻ፣ ከሁሉ ስር ደግሞ በዘይት የጠቆረ የመኪና ማንሻ ክሪክ።

"ምንድነው ይሄ ደግሞ?" አልኩት።

"ለመኪናዬ ነው እማ።"

"የትኛው መኪናህ?"

"ነገ ትመጣለች" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ እውነትም መጣች። በሁለት ጥማድ በሬ እየተጎተተች መጣች። እኛ የመጣንበት የሰፈራ ጣቢያ ሲፈርስ ማንጎ ስር ቆማ የቀረች፣ ዶሮ የሚፈለፈልባት ላንድሮቨር ነበረች፤ በጨረታ ስትወጣ ልጄ ወሰዳት። ያኔ ክልሉ አዲስ ነው። አሶሳ ውስጥ በየቀኑ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ሠራተኛ ይቀጠራል። ልጄም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ስለነበር መዝገብ ቤት ገባ። እሱ ግን ልቡ ወረቀት ላይ አልነበረም። መኪናዋን አስነስቶ ከባምባሲ ገበያ ሰውና እህል ሊያመላልስባት ነው ሐሳቡ።

በሬዎቹ አጥራችን ዘንድ ሲደርሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይስቅ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለን፤ የበርታ ሰው ነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው፤ ስለ ራሱም አንዳንዴ "እኔ ሄደ" ይላል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

"ያ ሰላም! ልጅህ መኪና ገዛ ወይስ ማረሻ ገዛ?" አለኝ።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እሱን ጠይቀው።"

"ዘንድሮ ማሽላ በላንድሮቨር ሊዘራ ነው ወላሂ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጄም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ያልሳቅሁበትን ልናገር። እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጣን ሰፋሪዎች ነን። ባሌ የሰፈራው ትራክተር ነጂ ነበር። አንድ ቀን ተዳፋት መሬት ሲያርስ ትራክተሩ ተገለበጠና እሱ ከስሩ ቀረ። የሚያነሳ መሣሪያ አልነበረም። ሰው በእጁ ሞከረ፣ በገመድ ሞከረ፤ ሲወጣልኝ ነፍሱ አልነበረችም። ገላውን ሳጥበው ግሪስ ግሪስ ይሸት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከእኛ ጋር የመጣው ሰው ግማሹ ወደ ወሎ ተመለሰ። እኔ መቃብሩን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ግሪስ ከሸተተኝ ቦታ እሸሻለሁ። አሁን ያ ሽታ በልጄ ልብስ ላይ ሆኖ ቤቴ ገባ።

ልጄ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ መካኒክ ዘንድ እየሄደ ይጠይቅና ማታ መጥቶ ለእኔ ይነግረኛል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቻለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ብዙም አልገፋሁም። መፍቻዎቹን በተርታ ይደረድርና በላያቸው የተጻፈውን ያስነብበኛል። "አሥር። አሥራ ሁለት። አሥራ አራት። ቁጥሩ ቡሎኑን ከያዘው ዳዶ ጋር ልክ ካልሆነ ዳዶውን ይልጠዋል፤ ከተላጠ በኋላ የትኛውም መፍቻ አይዘውም" ይለኛል። የዛገ ቡሎን በጉልበት እንደማይፈታ፣ ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር እንደሚገባ ነገረኝ። "ደግሞ መፍቻ ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም እማ። የገፋ ሰው ሲያመልጠው የጣቱን አጥንት ነው የሚፈነክተው።" ስለ ክሪኩም የነገረኝን አልረሳም። "ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም" አለኝ። ለዚህ ሲል ወፍራም የዋርካ ጉማጅ አስቆርጦ አመጣ። በክሪክ ከፍ ያደርጋትና ጉማጁን ከስሯ ያቆማል፤ ከዚያ ነው የሚገባው።

ይሄን ሁሉ ነግሮኝ ፍርሃቴ አልቀነሰም። ከመኪናዋ ስር ሲገባ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። እህል እየለቀምኩ፣ ልብስ እያጠብኩ፣ በየመሐሉ እጮሃለሁ።

"አለህ?"

"አለሁ እማ።"

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ "አለህ ወይ?"

"እማ በአላህ! የት እሄዳለሁ? ጭንቅላቴ ላይ ዘይት እየፈሰሰ ነው!"

እንዲህ ስንባባል ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ሳምንት ሽማግሌው ጎረቤታችን ክሪኩን ሊዋስ መጣ። በእኛ አገር ምስጥ የቤት ምሰሶ ከታች ይበላል፤ ከላይ ስታየው ደህና ነው፣ ስትመታው ባዶ ነው። ምሰሶውን ለመለወጥ አግዳሚውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፤ ድሮ አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቦ በትከሻው ይሸከመው ነበር። ክሪክ በሰፈሩ ከገባ ወዲህ ምስጥ የበላው ቤት ያለው ሁሉ የሚመጣው እኛ ዘንድ ሆነ። ልጄም አይከለክልም። ዕቃ መከልከል ነውር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌው ክሪኩን መለሰ። ልጄ ቢሮ ነበር። በአንድ እጁ ክሪኩን፣ በሌላው እጁ በጨርቅ የተቋጠረ ማንጎ ይዞ መጥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

"ቤቴ ቆመ። አላህ ይስጥህ። ለልጅ ሰላም በል" ብሎኝ ሄደ።

ክሪኩን ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩ። ማንም አላየኝም። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ ሰይጣን ነው አልልም፣ የራሴ ሐሳብ ነው። ያለ ክሪክ መኪና አይነሳም። ካልተነሳች ከስሯ አይገባም። ካልገባ አይሞትብኝም። ይሄን ያህል ቀላል መሰለኝ። ወደ ጎተራው ሄጄ በቆሎውን በእጄ ጓጉጬ ታች ድረስ ቀበርኩት።

አርብ ማታ ልጄ "ክሪኩን መለሰ እንዴ?" አለኝ።

"እኔ አላየሁም" አልኩት።

ቅዳሜ ጧት ልጄ በአጥሩ ላይ ተጣራ። ሽማግሌው ጥርሱን እየፋቀ መጣ።

"አባቴ፣ ክሪኩን ነገ እፈልገው ነበር።"

"ሰጠሁ እኮ። ሐሙስ ሰጠሁ። ለእናትህ።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረ፤ ሽማግሌውም ወደ እኔ ዞረ። ወንፊት ይዤ ነበር፤ ወንፊቱን እያየሁ "ለእኔ? ለእኔ አልሰጠህም" አልኩ።

ሽማግሌው እኔን አየ፣ ወንፊቱንም አየ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

"እንዲያ ከሆነ እኔ ረስቷል" አለ። "ሽማግሌ ነኝ። ቤት ውስጥ እፈልጋለሁ። ማሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ።"

ልጄ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። "ሰውዬው ለሌላ ሰው አውሶብኝ ነው፤ አሁን ማን ጋ እንደሆነ ጠፍቶበት ነው የሚዋሸው" አለ። ስንት ዓመት ሙሉ "አባቴ" ሲለው የኖረውን ሰው ነው "ሰውዬው" ያለው። ሰማሁት፤ ጎተራው በሦስት እርምጃ ነው ያለው፤ ዱቄቴን መንፋት ቀጠልኩ። ልቤ የሚለኝ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያኩርፍ፣ ከዚያ መኪናዋን ይረሳታል ነው።

ያላወቅሁት ነገር ግን፣ ወጣት ሰው አንድ ቡሎን ሲቀረው እንደማይተኛ ነው። የፊት ጎማዋን አስቀድሞ አላልቶት ነበር። እሁድ ጧት እኔ ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ ከአጥሩ ሁለት ወፍራም ሽመል መዘዘ። ሽመል የእኛ አገር የቆላ ቀርከሃ ነው፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ ቤትም አልጋም የምንሠራበት ስለሆነ ማንም ያምነዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ፣ ከታች ድንጋይ አስደግፎ፣ መኪናዋን እንደ ቋጥኝ ፈንቅሎ አነሳት። ከፍ ያለችው ግን ጥቂት ነው። ጉማጁ አልገባም፤ ረዝሞ አስቸገረው። በጉማጁ ፈንታ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቀይ ድንጋይ ሦስቱን ደራርቦ አስገባ። ያ ድንጋይ ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ሸክም ሲበዛበት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ጎማዋን አወለቀና መሬት ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን ከስሯ ዘርግቶ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻውን ወደ ራሱ ሳበ። እንደተማረው ነው የሳበው። ሲስብ መኪናዋ ተወዛወዘች፤ ድንጋዩ ከስሯ ተፈረፈረና ወረደችበት።

እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ነው ጩኸቱን የሰማሁት። እንስራውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ስደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች በብረቱ ተይዟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ጎረቤታችን ከእኔ ቀድሞ ደርሶ በትከሻው መኪናዋን ተሸክሞ ይገፋል። ሌሎችም ሮጠው መጡ፤ አምስት ይሁኑ ስድስት።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!" ይላሉ። ትንሽ ትነሳና ትመለሳለች። ስትመለስ ልጄ ይጮሃል።

"ኸላስ! ተው! አታንሳ!" አለ ሽማግሌው። "ሲመለስ አጥንት ይሰብራል። ክሪክ ይፈለጋል። ከተማ ማን ይሮጣል?"

ከተማ ሮጦ መመለስ ስንት ሰዓት ነው! ባሌ ታየኝ። በእጅ የሞከሩት፣ በገመድ የሞከሩት ታየኝ። ወደ ጎተራው ሮጥኩ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ በቆሎውን እየበተንኩ ክሪኩን አወጣሁትና በሰው ሁሉ መሐል ይዤው መጣሁ። ቀሚሴና ፀጉሬ የበቆሎ ብናኝ ነው። ከክሪኩ ላይ ፍሬ እየተንጠባጠበ ነው። ሁሉም አየ። ልጄም መሬት ላይ ተንጋልሎ አየኝ።

ሽማግሌው ክሪኩን ከእጄ ተቀበለ። በጣቱ ከክሪኩ ጥርስ መሐል አንድ ፍሬ በቆሎ ነቅሎ ጣለና ከስሯ አስገብቶ ያሽከረክር ጀመር። ልጄ ወጣ።

ሐኪም ቤት ሲያስገቡት እኔና ሽማግሌው ውጭ ደረጃው ላይ ቀረን። ከሽማግሌው እግር ስር ወደቅሁ።

"አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ተነስ፣ ተነስ። ሰው ያያል።"

"ዋሸሁብህ። በልጄ ፊት ዋሾ አደረግሁህ።"

"እኔ ያውቃል" አለ። "ያን ቀን አንተ ወንፊት ይዘህ፣ ፊቴን ማየት እምቢ አልክ። እኔ አየ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እናት ነህ። ልጅ ፊት እናት ውሸታም ይባላል? ሐራም ነው።" ከዚያ ፊቱን በጥምጣሙ ጫፍ ጠረገ። "ግን እኔም አጠፋ። እኔ ቢናገር ኖሮ ልጁ እግሩ ጤና ነበር።"

ይሄን ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱን ለሁለት አካፍሎ ግማሹን ወሰደልኝ፤ የእኔ ግማሽ ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ከበደኝ።

ልጄ ሦስት ቀን ስለ ክሪኩ አልጠየቀኝም። ሾርባ ሳቀርብለት ይጠጣል፤ ሲያመው "አብሽሪ፣ ያልፋል" ይለኛል። በአራተኛው ቀን ጣሪያውን እያየ ተናገረ።

"ለምን አልነገርሽኝም እማ? 'ፈራሁ፣ አትግባ' ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"ብልህ ትተው ነበር?"

አሰበ። ሊያጽናናኝ ብሎ እንዳይዋሽ ነው መሰለኝ፣ ረጅም ጊዜ አሰበ።

"አልተውም ነበር" አለ። "ግን ክሪክ ይኖረኝ ነበር።"

የሾርባውን ሳህን አንስቼ ወጣሁ።

ሲድን መጀመሪያ የሄደው ወደ ሽማግሌው ቤት ነው፤ በምርኩዝ። ምን እንዳለው አላውቅም፤ እኔ አልተከተልኩትም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ላንድሮቨሯን የባምባሲ ሰው መጥቶ ወሰዳት፤ መፍቻዎቹንም ከከረጢቱ ጋር ጨምሮ ሰጠው። ጥሩ መካኒክ ይወጣው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የሚሉት እኔ እንድሰማ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ የሰው ፋይል ይፈልጋል፣ ያስቀምጣል።

አይሞትብኝ ብዬ ነበር፤ አልሞተብኝም። ጎረቤቶቼ "አልሐምዱሊላህ በይ፣ በሕይወት አለልሽ" ይሉኛል። እላለሁ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ገና በቀዩ አሸዋ መንገድ ላይ ሳለ አውቀዋለሁ፤ አንደኛው እግሩ ይረግጣል፣ ሁለተኛው ይጎተታል። ቤቱ በር ላይ እስኪደርስ ድረስ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ እሰማዋለሁ።