በየኔታ በኩል ያጠረው ሽቦ

በሬዬን የወሰዱብኝ ቀብር የሄድን ዕለት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ። ስንመለስ አጥሩ አፉን ከፍቷል። ሌባው ብዙም አልደከመም። የግራሩን እሾህ በገዛ መንሼ፣ ገለባ በማነሳበት ባላ እንጨት፣ ገፋ ገፋ አድርጎ በሬውን ነድቶ ሄዷል። መንሹን ግን አልወሰደም፤ ግድግዳው ላይ አስደግፎልኛል።

የቀረችን አንዲት ጊደር ናት፤ የመጀመሪያ ጽንሷን ይዛለች። ባለቤቴ፣ «እሷንም ሳይወስዷት ገበያ እናውጣት» አለች።

«አልሸጣትም» አልኳት።

«ታዲያ አንገቷን አቅፈህ ልትውል ነው?»

«ሽቦ አጥራለሁ።»

«እሾህ ያልፈራ ሌባ ሽቦ ይፈራል?»

«እሾህ ያለው ሽቦ ነው። እሱን በመንሽ አይገፉትም።»

ግቢዬን ዙሪያውን በገመድ ለካሁና ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ሻጩ የአንዱን ጥቅል ርዝመት ሲነግረኝ፣ ዞሮ ይተርፋል ብዬ ደስ አለኝ። በጋሪ አስጭኜ መጣሁ። ዕድሜያችንን ሙሉ በእሾህ ያጠርን ሰዎች ዙሪያውን እንጂ ከፍታውን መለካት አለመድንም፤ እሾህ ይከመራል እንጂ ረድፍ የለውም። ሽቦ ግን ከታች ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ካልተወጠረ ከብት ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ይህን ያወቅሁት የባህር ዛፉን ቋሚ ተክዬ፣ እጄን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ሦስቱን ጎን ከጨረስኩ በኋላ ነው። በየኔታ በኩል ስደርስ ጥቅሉ አለቀ።

የኔታ ጎረቤቴ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል።

«ምነው መዶሻው ዝም አለ?» አሉኝ ከወዲያ።

«ሽቦው አጠረኝ፣ የኔታ።»

ሳቁ። «አንተን ካጠረህ ጊደሯን ማን ሊያጥራት ነው?»

እኔ አነሰኝ ማለቴ ነበር፤ እሳቸው ዙሪያዬን ከበበኝ ያልኩ አድርገው ወሰዱት። «ሳትማር ተቀኘህ» ብለው ደግሞ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን አልተውኩም። ሳይታጠር የቀረው ጎኔ ወደ እሳቸው ግቢ ነውና፣ ግቢያቸውን ዞሬ አየሁት። በሌላው በኩል ሁሉ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው። ካብ ሰው ይዘለዋል፣ ጊደር አትዘለውም። በእሳቸው በኩል ከብት የሚወጣበት በራቸው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለተማሪ ተብሎ ተከፍቶ ይውላል፣ ተከፍቶ ያድራል።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ በርዎ ይዘጋልኝ።»

«የተማሪ ቤት በር ተዘግቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ዘንድሮ ግን ይዘጋል።»

 እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ግን አልተነሳሁም።

«ተማሪዎቼን ሌባ ልትላቸው ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። ከባድ የወይራ መወርወሪያ አደርግበታለሁ። ተማሪ ከውጭ እጁን አሾልኮ ይስበዋል። ከብት የሚነዳ ግን ቆሞ ሊታገለው ነው፤ ሲጢጥ ሲል እርስዎ ይሰማሉ።»

«በስተርጅና ዘበኛ ልታደርገኝ!»

«ምን ላድርግ፣ የኔታ? ከሽቦው ቀጥሎ የምመካበት ሰው እርስዎ ነዎት።»

መቋሚያቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ጊደሯ ስትወልድ በየሦስተኛው ቀን እርጎው ለእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ከገንቦው ጋር ይምጣልዎ።»

በሩን በማግስቱ ሠራሁት። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱማ መወርወሪያውን እየሳበ፣ «ይህን የከፈተ ድጓም አያቅተውም» ሲል ሰማሁት። አልቀየርኩትም። ባለቤቴም ገበያ የሚለውን ቃል ትታዋለች።

ጊደሯ ገና አልወለደችም። ሌባም ከአገር አልጠፋም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሴ ሄጄ መወርወሪያውን እገፋለሁ።

«ገባ?» ይላሉ የኔታ ከውስጥ።

«ገብቷል» እላለሁ፤ ነቅነቅ አድርጌ አይቼው ነው የምሄደው።