መድረሻው የማይነገር ጉዞ

አባቴ ግማሽ ዕድሜውን ከአፍዴራ ጨው ሲጭን የኖረ ሹፌር ነው። እኔ ልጁ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት እስክቀመጥ ድረስ በታች ከውርጌሳ፣ በላይ ከወልድያ አልፌ አላውቅም። ስናደድ «የሹፌር ልጅ እግረኛ ናት» እለው ነበር። እሱም «የሸማኔ ልጅስ መቼ ለብሳ አየሽ?» ብሎ ይስቅብኛል።

ውጤት አልመጣልኝም። ይህን ማሳመር አልችልበትም፤ አልመጣልኝም፣ አለቀ። ከጓደኞቼ ገሚሶቹ አገቡ፣ ገሚሶቹ ዐረብ አገር ሄዱ። እኔ ከተማችን መርሳ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ ደሴና ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መኪና ስቆጥር እውላለሁ። አባቴ ስኳር ሲይዘው የጭነት መኪናውን ሸጦ አንዲት አሮጌ አባዱላ ገዝቶ ነበር፤ በእሷ መርሳ ወልድያ ይመላለሳል።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከስልኬ ላይ ነው። አንድ ፎቶ አየሁ። ዳሎል አጠገብ፣ በረሃው መሃል ያለ የጨው ገደል። ግድግዳው ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ እንደ ነጠላ ጥለት የተሰመረ፣ ከሥሩ የቆሙት ፈረንጆች ጉንዳን የሚያህሉ። ይህን ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል ይላል። አብዛኛው ጎብኚ የሚሄደው በመቀሌ በኩል ነበር፤ ያኔ ግን ጦርነቱ እዚያ ተጀምሮ ያ መንገድ ተዘግቷል። እኔም «ታዲያ በእኛ በኩል ይሂዱ!» አልኩ። በወልድያ፣ በሐራ፣ በጭፍራ፣ በሚሌ አድርጎ ወደ ላይ። ጦርነት ማለት ያኔ ለእኔ የሌላ ሰው መንገድ መዘጋት ነበር።

ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ለሠርግና ለለቅሶ አባዱላችንን ይኮናተሩ ነበርና «ገደሉን ወስደን እናሳያችሁ?» ብዬ እነሱን ጠየቅኳቸው። ክረምቱ ይውጣ፣ በረሃው ቀዝቀዝ ሲል እንሄዳለን አሉኝ። ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር።

«ጨው ለማየት?» አለች። «ጓዳ ገብተሽ እይ!»

አባቴ ግን አልሳቀም። «ያን ሁሉ ዓመት አፍዴራ ስመላለስ ስለዚያ ገደል እሰማ ነበር» አለ። «አንድ ቀን መሪ አዙሬ አላየሁትም። ሹፌር የሚያየው የፊቱን መንገድ ብቻ ነው።» ቀጥሎም አባዱላዋን እስከ አፍዴራ እንደሚያደርሳት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሷ እንደማይሆን፣ የአገሬውን ላንድክሩዘር መያዝ እንዳለብን ይነግረኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ጉዞው እውነት የሆነው።

መንገድ መሪ የሚሆኑን አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ከቆላው ፍየል እየነዱ መርሳ ገበያ ይመጣሉ። አባቴ ጨው በሚጭንበት ዘመን ጋቢና አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ወስዷቸዋል፤ ጓደኝነታቸው የዚያን ጊዜ ነው። ስለ ገደሉ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አይቻለሁ። ጨው ነው። ምኑ ይታያል?»

«አባ፣ ፈረንጆቹ ከስንት አገር ይመጣሉ እኮ!»

«እነሱ ጨው ሊያዩ ይመጣሉ፤ እኛ እነሱን እናያለን። ጉብኝት ይኸው ነው።»

እሺ አሉ፤ ግን አንድ ነገር አስቀደሙ። ከመነሳታችን በፊት እሳቸው ሄደው ዳጉ ይዘው ይመለሳሉ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ ሰላም ተባብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነግርሃል፤ አንተም የያዝከውን ትነግረዋለህ። ዳጉ ማለት ይህ ነው። የሚናገረውን ሰው ማቋረጥ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ማቋረጥ ተፈጥሮዬ ነው፤ ገና ስለ ግጦሹ ሲያወሩ «መንገዱስ?» እላለሁ። «ልጅሽ ጆሮዋ አጭር ነው» አሉ ለእናቴ።

አባቴም የራሱ ሥርዓት ነበረው። የጨው መንገድ ሹፌር የሚነሳበትን ሰዓት ይናገራል፣ የሚደርስበትን ግን አይናገርም። ሰዓቱን መናገር መንገዱን መዳፈር ነው። እናቴ ስልክ ደውላ «የት ደረስህ?» ስትለው «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ በራችን ላይ መኪናውን እያቆመ እንኳ። ሰዓቱን የሚናገር ሹፌር አንድ ብቻ ነው፤ ከመሪ ለመውረድ የወሰነ። እሱ በመጨረሻ ጉዞው ጓደኞቹ ፊት «ለመግሪብ ቤቴ ነኝ» ይልና ይነሳል። ለመንገዱ ስንብቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሪ አይነካም። አባቴ የጭነት መኪናውን ሲሸጥ እንኳ ይህን አላለም። «ገና አልወረድኩም፤ አባዱላስ መሪ የላትም?» ብሎ እምቢ አለ።

እኔ ግን የጉዞ እቅድ ያለ መድረሻ አይገባኝም። «ሰዎቹ ገደሉ ጋ መቼ እንደርሳለን ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ሲያደርሰን በያቸው።»

«እንዲህ ተብሎ ሥራ ይሠራል?»

«እኔ እንዲህ ብዬ ነው አንቺን ያሳደግኩሽ።»

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ቆቦ ተባለ፣ ወልድያ ተባለ፤ አስፋልቱ ወደ ደሴ በሚሸሽ ሰው ሞላ። ያን ሁሉ ዘመን አስፋልቱ ዳር ቆሜ መኪና ስቆጥር ኖሬ፣ መሄጃው ቀን ሲመጣ መሄድ አልቻልኩም። የአባቴ እግር ቆስሎ ነበር፤ የስኳር ቁስል አይድንም። አባዱላዋ ነዳጅ የላትም፤ ነዳጅ ከከተማው የጠፋው ከሰዉ በፊት ነው። እናቴ «እኔ ባሌን ትቼ የትም» አለች። ቀረን። ታጣቂዎቹ ገቡ፣ መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ። አባዱላዋን ነዳጅ ሞልተው ነዷት። ቁልፏን አልጠየቁም፤ ሽቦ አገናኝተው ነው ያስነሷት። አባቴ ድምጿን እየሰማ «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቸኮለ» አለ።

ቁልፏ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ቤት ጦርነት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቴ መርፌ። ኢንሱሊኑ ሙቀት አይወድም፣ ፍሪጅ ደግሞ ያለ መብራት ቁምሳጥን ነው። እናቴ ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋ ብልቃጦቹን ቀበረቻቸው፤ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውኃ ታጠጣለች። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ናቸው። የሚመጣ የለም። አባቴ የታዘዘለትን መጠን ራሱ ቀነሰው፤ ማንንም አላማከረም።

አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ «በይ ነይ፣ ያን ጉዞ እንጨርሰው» አለኝ።

ያበደ መሰለኝ። ተቀመጥኩ። ሌላስ ምን ሥራ ነበረኝ? በየቀኑ ጥቂት መንገድ እንሄዳለን። ሐራ ላይ ቁርስ። ጭፍራ ላይ ግመል አስፋልት ላይ ስለሚተኛ ቀስ ማለት። ሚሌ ላይ የሚሸጠው የፍየል ጥብስ፤ «የመጀመሪያው ምግብ ቤት አይደለም፣ ሁለተኛው»። ተኩስ ሲሰማ ዝም እንላለን፤ ሲያቆም ካቆምንበት እንቀጥላለን። የሲሪንቃዎቹ ሰዎች ሸሽተው የት እንደገቡ አናውቅም፤ እኛ ግን ማን በመስኮት በኩል እንደሚቀመጥ እንከራከራለን። እናቴ «ሁለት እብድ» ትላለች፤ ስንሳሳት ግን ከጓዳ ሆና ታርመናለች።

ሎጊያ ስንደርስ ቆምኩ።

«አባ፣ እዚህ ሐኪም ቤት አለ?»

«ሰመራ አጠገብ ነው፤ ትልቅ ሐኪም ቤት አለ።»

«መርፌውስ?»

አየኝ። እሱ ቀድሞ አስቦታል። የጉዟችን የመጀመሪያ ቀን መንገድ ራሱ አባቴን ወደሚያድነው መርፌ የሚያደርስ ነው። ገደሉ ከኋላ ይምጣ፣ ይቅርም። ሚሌ ብቻ እንድረስ፤ ከዚያ ወደ ሰመራ መኪና አይጠፋም።

ሽማግሌው አፋር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ያለ ፍየል፣ በእግራቸው፣ በጓሮ በኩል። ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። የማን ግመል እንደ ሞተ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ ማን ከማን ሸሽቶ የት እንደ ሰፈረ። አልቻልኩም።

«አባ፣ በአላህ ይሁንብዎ! መንገዱን ብቻ ይንገሩኝ!»

«መንገዱ ዳጉው ውስጥ ነው ያለው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ዳጉ አይቆረጥም።»

ያወሩትን አውርተው ጨረሱ። ጭፍራ አካባቢ ውጊያ ሊሆን ነው ይባላል። ግን ከመንገዱ ወጣ ብሎ በቆላው አቆራርጦ መሄጃ አለ፤ አባቴን ግመል ላይ ጭነው ሊወስዱት ነው ሐሳባቸው።

«ሹፌር፣ ግመል ትችላለህ?»

«ማርሽ አለው?» አለ አባቴ።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው ተነሱ። «ሄጄ የመንገዱን ዳጉ አመጣለሁ። ከመጣሁ እንሄዳለን። ካልመጣሁ መንገድ የለም ማለት ነው፤ አትጠብቁኝ» አሉ። የሰፈሩ ሼህ መጥተው ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን።

ጠበቅን። አትጠብቁኝ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል፣ ይጠብቃል እንጂ። እኔ የጓሮውን አጥር ሳይ እውላለሁ። በስተምሥራቅ ከባድ መሣሪያ ይሰማ ጀመር፤ በየቀኑ፣ ጭፍራ በሚሆንበት አቅጣጫ። እናቴ አሸዋውን ማጠጣቷን አልተወችም፤ አሸዋው ውስጥ ግን የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው። ቀጥሎ እሱም ባዶ ሆነ። እሷ ማጠጣቷን ቀጠለች። ልናገራት ፈልጌ ተውኩት።

አባቴ ውኃ ብቻ ይጠጣል፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጠራኝ።

«የት ላይ ነው ያቆምነው?»

«አፍዴራ። ላንድክሩዘሩን ይዘናል።»

«እህ። እንግዲህ ከአፍዴራ ከሱብሂ በኋላ እንነሳለን። ሙቀቱ ሳይበረታ ሜዳውን እንጨርሳለን።» ቆመ፤ ተነፈሰ። «ለአስር ሶላት ገደሉ ሥር ነን።»

እናቴ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«አትናገር!» ብዬ ጮህኩ። «ሰዓቱን አትናገር፣ አባ!»

«አንቺ አይደለሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው?»

«ተውኩት! አልፈልግም!»

«ለአስር» አለ ደግሞ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ። እናቴ አጎንብሳ ውኃውን በጨርቅ ታደርቃለች፤ ቀና አላለችም። ከኪሱ ቁልፉን አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ የት ገደል እንደገባች የሚያውቅ የለም።

«መመለሻውስ?» አልኩት።

«እሱን አላቀድንም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። ጀናዛውን የተሸከሙት ያልሸሹት አዛውንቶች ናቸው፤ ሰው አንሶ እኔም ተሸክሜያለሁ። ሴት አትሸከምም ያለኝ አልነበረም።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ፣ መብራት ገና ሳይመጣ፣ ሽማግሌው አፋር በፊት ለፊት በር ገቡ። እግራቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ ቁስል ነበር። ቆመው «መንገዱ ተከፍቷል» አሉኝ። ግድግዳውን፣ ባዶውን ትራስ አዩና ተቀመጡ። ዳጉ የመናገሩ ተራ የእኔ ነበር።

ከሞቱ ልጀምር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቶሎ ተናግሬ ልገላገል። አልጀመርኩም። እሳቸው ከሄዱበት ቀን ጀመርኩ፤ አጥሩን፣ ከባድ መሣሪያውን፣ አሸዋውን፣ ውኃውን፣ ሁሉንም በየተራው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ባዶውን ትራስ እያዩ ጠየቁኝ።

«ሰዓቱን ተናገረ?»

«ተናገረ።»

«ስንት ሰዓት አለ?»

«ለአስር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚሌ ወንድማቸው ዘንድ የሚሄዱ መሆናቸውን፣ ብፈልግ አብሬያቸው መሄድ እንደምችል ነገሩኝ። አልሄድኩም። እናቴ ጓዳ ሆና ገንቦውን ውኃ ታጠጣ ነበር።