የሐሙስ ስብሰባ ዘፈን መራጯ

አቻን ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከተማዋን ከነሙቀቷ የምትወድ ሴት ናት። ያላመነችበትን ነገር "እሺ" ብላ አታውቅም። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች "ዓይኗን በጨው የታጠበች" ሲሏት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ለስደተኞች ውሃ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ስብሰባ አስተባባሪ ከሆነች አራት ዓመት አልፏታል። ከዚያ በፊት የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነበር። በረራ ሲዘገይ መንገደኛ እንዴት እንደሚነጫነጭ፣ አንዱ በስልኩ ዘፈን ሲከፍት ደግሞ ያው መንገደኛ እንዴት እንደሚለዝብ ያየችው እዚያ ነው። "ሰውን የሚያናድደው መጠበቁ አይደለም፤ ባዶውን መጠበቁ ነው" ትላለች።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የሚደረገው የቪዲዮ ስብሰባ ግን ከዘገየ በረራም የባሰ ነበር። ኃላፊዋ ወይዘሮ ኮከብ ከአዲስ አበባ ሆነው ይመሩታል፤ ከጋምቤላው ቢሮ የውሃ ክፍሉ ኢንጂነር ሰብስቤ፣ ከየመጠለያው ደግሞ የመስክ ሠራተኞች ይገባሉ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት "ይሰማል? ይሰማል?" በመባባል ያልቃል። ከዚያ ሁሉም ካሜራውን አጥፍቶ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ይቀመጣል። ግማሹማ ስሙን ስክሪኑ ላይ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። የጀዊ መጠለያው የውሃ ሠራተኛ ጋትቤል በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስለነበር፣ ተራው ሲደርስ የሚያወራው ለባዶ ስሞች ነበር። አቻንን ይህ ያንገበግባታል። አኝዋ ሆና ለኑዌሩ ጋትቤል ምን አገባት ያሉም አልጠፉም፤ ለእነሱ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ማንንም ሳታስፈቅድ ስብሰባው ውስጥ ሙዚቃ አስገባች። ሰው እስኪሟላ ዘፈን ትለቃለች። የዘገየ ሰው የሚቀጥለውን ሳምንት ዘፈን ከአገሩ መርጦ ያመጣል፤ ስለ ዘፈኑም ሁለት ቃል ይናገራል። የመጨረሻው ተናጋሪ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አንድ ደቂቃ ዜማ ይሰማል፤ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሁሉ ያንን ሲሰማ ይመለሳል። በወሩ ካሜራዎች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ወይዘሮ ኮከብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸውን ሲሞክሩ ታዩ። ዘፈን ለመምረጥ ብሎ አውቆ የሚዘገይም አልጠፋም። ጋትቤልም ሰው አገኘ።

ሁዳዴ ሲገባ አቻን አሰበችበት። እሷ ጴንጤ ናት፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ብዙዎቹ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው። ጾመኛ ቅር እንዳይለው ብላ ዓለማዊ ዘፈኑን ሁሉ አስቀመጠችና የራሷ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የዘመሩትን፣ ከበሮው የደመቀ መዝሙር ከፈተች። ደስ ብሏት ነበር፤ አስባ ያደረገችው ነውና። መዝሙሩ ግማሽ ሳይደርስ ኢንጂነር ሰብስቤ ከስክሪኑ ጠፉ። ኔትወርክ ነው ተባለ። በሁለተኛው ሐሙስ ሳይገቡ ቀሩ፣ በሦስተኛውም።

በእነዚያው ሳምንታት ጀዊ ላይ አንድ የውሃ ፓምፕ ቆመ። ጋትቤል ለኢንጂነሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ በስብሰባውም ተናገረ። ነገር ግን አዲስ ፓምፕም ሆነ መለዋወጫ የሚፈቀደው ኢንጂነሩ ባሉበት ነው። በመጨረሻ ወይዘሮ ኮከብ አቻንን ደውለው አገኟት።

"አቻን፣ ኢንጂነሩ የሌሉበት ስብሰባ ምን ይሠራልኛል? መዝሙሩን ከከፈትሽ ወዲህ አልተመለሱም፤ ሙዚቃሽ ሰው አባረረብኝ። ስብሰባው እንዲቀር የፊታችን ሐሙስ የመጨረሻ አጀንዳ አድርገሽ ያዢልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሪፖርቱን በጽሑፍ ይላክ።"

አቻን ስልኩን ስትዘጋ ፈራች። ለራሷ አልነበረም። ስብሰባው ከቀረ የጋትቤል ጉዳይ ከወረቀት ክምር ሥር እንደሚቀር ታውቃለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ተነሣች፤ ግቢውን አቋርጣ ኢንጂነሩ ቢሮ ገባች። ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሦስት ሳምንት ግን ማንም አልተሻገረውም።

"ኢንጂነር፣ ምን አድርጌዎት ነው የጠፉት?"

ኢንጂነር ሰብስቤ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ጋምቤላ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ በልጅነታቸው የድቁና ትምህርት ቀምሰዋል። መነጽራቸውን አወለቁ።

"በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንኳ ዝም የሚል ከበሮ በቢሮ ስብሰባ ሲደለቅ መስማት ከበደኝ።"

አቻን ፊቷ ጋለ። "እኔ እኮ ለጾሙ ክብር ብዬ ነው መዝሙር የከፈትኩት! አላወቅኩም። ይቅርታ።" ከዚያ ግን አላጎነበሰችም። "እርስዎስ? 'አይሆንም' ቢሉኝ አጠፋው ነበር። ዝም ብለው ሄዱ። ጋትቤል ምን አደረገ? እሱ ውሃ ነው የሚለው።"

"ደብዳቤውን አይቼዋለሁ። 'አንድ ፓምፕ ቆሟል' ይላል። በተራው ይታያል።"

"ሐሙስ ይግቡና ከራሱ ይስሙት። ከበሮ የለም፤ ቃሌ ነው።"

ሰውየው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ጠዋት አቻን ምንም የተቀዳ ነገር አልከፈተችም። የአባቷን ቶም ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቶም በአውራ ጣት የሚጫወቱት፣ ቀጫጭን ብረቶች የተደረደሩበት የአኝዋ የእንጨት ሳጥን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ እያዘገመች መጫወት ጀመረች። ወይዘሮ ኮከብ ገቡ፣ የመስክ ሠራተኞቹ ገቡ። የኢንጂነሩ ቦታ ባዶ ነው። አቻን ጣቷን አላቋረጠችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ የሰብስቤ ፊት ብቅ አለ። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"በገና ይመስላል" አሉ።

የጋትቤል ተራ ሲደርስ አንድም ሰው አልወጣም ነበር። ጋትቤል ብዙ አላወራም። "እኔ አሁን አሳያለሁ" አለና ስልኩን አዞረው። ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ይለበልባል። ቢጫ ጄሪካን ከቧንቧው ጀምሮ እስከ መንገዱ ተሰልፏል፤ የሰልፉ መጨረሻ አይታይም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጄሪካኗ ላይ ተቀምጣለች። "ይቺ ሌሊት ነው የመጣችው" አለ። "ገና አልደረሳትም።"

በዚያ ጠዋት "ይሰማል?" ያለም የለም።

"ደብዳቤው እኮ 'አንድ ፓምፕ ቆሟል' ነው የሚለው" አሉ ኢንጂነር ሰብስቤ።

"አዎ፣ ጋሼ። ፓምፕ አንድ ነው። ሰው ግን ብዙ ነው። ደብዳቤ ላይ ሰው አይታይም።"

ኢንጂነሩ አንገታቸውን ደፉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ በሁሉም ፊት። "መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ አለ። ዛሬውኑ ይዤው እመጣለሁ፤ ራሴ።" ወይዘሮ ኮከብ እዚያው ፈቀዱ።

ከዚያ ወይዘሮ ኮከብ ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቻን፣ ያቺን የመጨረሻዋን አጀንዳ... የጽሑፍ ሪፖርት ያልነውን... ሰርዢው።"

አቻን ግን ያን ቀን ከኢንጂነሩ ቢሮ እንደወጣች ሰርዛው ነበር።